ውሳኔ ያስቀየሩ ጥናቶች፦ ከሴፍቲኔት ሃያ ዓመታት

«ባለፉት 12 ወራት ለቤተሰቡ የሚበላ ማግኘት ያስቸገራችሁ በየትኞቹ ወራት ነው?»

ጠያቂዋ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። አባወራው ወዲያው አይመልስም፤ ወደ ባለቤቱ ዞር ይላል። መስከረም ላይ እሸት አለ። ጥቅምትና ኅዳር አጨዳ ነው፤ ታኅሣሥና ጥርም በደህና ያልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው በጣት ይቆጠራል። መጋቢት ላይ ለዘር የተለየው እህል እንዳይነካ ትግል ነው፤ ግንቦት ከዘመድ ብድር ነው፤ ሰኔና ሐምሌ በቀን አንዴ መብላት ነው። «ነሐሴንም ጻፊው እንጂ ልጄ» ትላለች እናትየዋ።

ይህን የመሰለ ምልልስ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 3,700 ገደማ በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ተካሂዷል። ጠያቂዎቹ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሠራተኞች ነበሩ፤ ጥናቱን የነደፈው ደግሞ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም፣ በተለምዶ ኢፍፕሪ የሚባለው ነው። በቅጹ ላይ የተጻፉት ወራት ተደምረውና ተካፍለው አዲስ አበባ በሚገኝ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ሆነው ቀረቡ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ሴፍቲኔት በተባለው የእርዳታ ፕሮግራም ውስጥ የቀን ክፍያ ተመንን፣ የብድር አሰጣጥን፣ የነፍሰ ጡር ሴቶችን የሥራ ድርሻና የራሽኑን ዓይነት እስከ ማስቀየር ደረሱ። በዓለም ዙሪያ የሚጻፉ አብዛኞቹ የግምገማ ሪፖርቶች ይህን ያህል ርቀት አይጓዙም። ይኼኛው ለምን ተጓዘ? የት ላይስ ቆመ?

ነገሩ የሚጀምረው ከ1995ቱ ድርቅ ነው። በዚያ ዓመት 13 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ አሠራሩ አንድ ነበር፦ ዝናብ ሲቀር ጥሪ ይቀርባል፤ ለጋሾች ቃል ይገባሉ፤ እህሉ ወደብ ደርሶ፣ ተጭኖ፣ ተራግፎ ቀበሌ ሲገባ ገበሬው በሬውን ሸጧል። የእርዳታው እህል ነፍስ ያተርፋል፤ በሬውን ግን አይመልስም። በሚቀጥለው ዓመት ያለ በሬ የቀረው ገበሬ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም ከተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በየዓመቱ እንደሚራብ የታወቀን ሰው በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ መቁጠር ትርጉም እንደሌለው መንግሥትም ለጋሾችም የተስማሙት ያኔ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ጥር የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ገበሬው ሴፍቲኔት ብሎ ብቻ ይጠራዋል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ በተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አቀፈ። መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን እየሠራ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅመ ደካማ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ታማሚ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ለአንድ ሰው በወር ሲሰላ 30 ብር ወይም 15 ኪሎ ይሆናል። ዋናው ነገር ክፍያው አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ለስድስት ወር ምን እንደሚያገኝ ካወቀ በሬውን አይሸጥም የሚል ሐሳብ ነበር።

ገንዘቡ ከብዙ ኪስ ይመጣ ነበር፦ ከዓለም ባንክ፣ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከካናዳ፣ ከአየርላንድ፣ ከስዊድንና ከሌሎችም። እንዲህ በሆነበት ቦታ ሁሉ የተለመደው እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን ገምጋሚ ልኮ የራሱን ሪፖርት ማጻፍ ነው። የወረዳው ኃላፊ ሦስት ቡድን በሦስት ሳምንት ያስተናግዳል፤ ሦስቱ ሪፖርቶች ሦስት የተለያየ ነገር ይላሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም የወደደውን ይዞ ይሄዳል። የሴፍቲኔት ለጋሾች ግን ገንዘባቸውንም ጥያቄያቸውንም በአንድ ቋት አደረጉ። በሁለት ዓመት አንዴ የሚካሄድ፣ በመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሚሰበሰብ አንድ ትልቅ የቤተሰብ ጥናት እንዲኖር ተስማሙ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይህን ነው። የጥናት ግኝት ተደማጭነት የሚያገኘው ሪፖርቱ በሚመረቅበት አዳራሽ ውስጥ አይደለም። መጠይቁ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። የመንግሥት ባለሥልጣናት እርዳታው ሕዝቡን ጥገኛ ያደርገዋል የሚል ሥጋት ነበራቸው፤ ጥያቄው ቅጹ ውስጥ ገባ። ለጋሾች ክፍያው በትክክል መድረሱን ማወቅ ፈለጉ፤ እሱም ገባ። ስለዚህ መልሱ ሲመጣ «ይህን ማን ጠየቃችሁ?» የሚል አልነበረም።

ጥናቱ ቀላል አልነበረም። በምርምር ዓለም የሚመረጠው በዕጣ ለግማሹ ሰጥቶ ለግማሹ መከልከልና ልዩነቱን መለካት ነው። በሴፍቲኔት ይህ አይሆንም፤ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው የቀበሌው ሕዝብና ኮሚቴው፣ ድህነትን አይቶ ነው። ድሃውን ካልደኸየው ጋር እንዲሁ ማወዳደር ደግሞ ፕሮግራሙ ሰውን ያደኸየ ያስመስላል። ተመራማሪዎቹ፣ ከእነሱም መካከል ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ፣ ተጠቃሚውን በመሬቱ፣ በቤተሰቡ ብዛትና በቀድሞ ሀብቱ ከሚመስለው ተጠቃሚ ያልሆነ ጎረቤት ጋር እያጣመሩ አነጻጸሩ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ የተከፈለውን አምስት ዓመት ከተከፈለው ጋር ማወዳደር ተቻለ።

የመጀመሪያው ውጤት መጥፎ ዜና ነበር። በአማካይ ሲታይ ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

በዚህ ቦታ ብዙ ፕሮግራሞች ይሞታሉ፤ ወይም ሪፖርቱ ይሞታል። ለጋሹ ገንዘቡን ያነሳል፣ አለዚያም ባለሥልጣኑ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፈዋል። እዚህ ግን ጥናቱ «ለውጥ የለም» ብሎ አላቆመም። ለተጠቃሚው ምን ያህል እንደደረሰው ጠይቆ ስለነበር የደረሰው ከታሰበው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከታሰበለት ቢያንስ ግማሹን ያገኘው ቤተሰብ ለብቻው ሲታይ የምግብ ሁኔታው በአንዳንድ መለኪያዎች ተሻሽሏል። ከሴፍቲኔቱ ጋር የግብርና ድጋፍና ብድር አንድ ላይ ያገኙት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ተራምደዋል፤ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጠቀም፣ አነስተኛ ንግድ መጀመር ታይቶባቸዋል። እነዚሁ ቤተሰቦች ሥራ እንዳልተዉ፣ ከዘመድ የሚያገኙት ድጋፍም እንዳልቀረባቸው ጥናቱ አረጋገጠ። የጥገኝነቱ ሥጋት ማስረጃ አላገኘም።

«አይሠራም» እና «አልደረሰም» በሰማይና በምድር መካከል ያለውን ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ያስዘጋል፤ ሁለተኛው ክፍያውን እንዲያስተካክሉ ያስገድዳል። ውሳኔ ሰጪዎቹ ሁለተኛውን መንገድ ለመያዝ ጠንካራ መነሻ ያገኙት ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ለይተው ስላቀረቡላቸው ነው። ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በቅጹ ውስጥ «ስንት ብር እጃችሁ ገባ?» የሚል ጥያቄ ባይኖር ኖሮ መለየት አይቻልም ነበር።

ቀጥሎ የኑሮ ውድነቱ መጣ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር 3 ኪሎ እንዲገዛ ታስቦ የተተመነው 6 ብር አቅሙ ተሟጠጠ። ከሳሴክስ የልማት ጥናት ተቋም የመጡት ስቲቨን ዴቨሩና ራቸል ሳባቴስ-ዊለር ያደረጉት ጥናት በጥሬ ብር የሚከፈላቸው ሰዎች ከእህል ተቀባዮቹ ወደኋላ እየቀሩ መሆኑን አሳየ። ጥሬ ብር ይሻለናል ይሉ የነበሩ ቤተሰቦች አሁን እህል ስጡን ማለት ጀመሩ። ተመኑ በዚያው ዓመት ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ 10 ብር ከፍ አለ። ከዚያም በኋላ የገበያ ዋጋ በየዓመቱ እየተጠና ክፍያው እንዲከለስ ተደረገ። ጭማሪው ከገበያው ጋር እኩል ሮጧል ማለት አይቻልም። ቢሆንም አንዴ ተወስኖ የሚቀመጥ ይመስል የነበረው ቁጥር በየዓመቱ የሚጠየቅ ቁጥር ሆነ፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

የብድሩም ነገር እንዲሁ ተለወጠ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የቤተሰብ ጥቅል» የሚባል ነበር፤ ገበሬው በግ፣ የንብ ቀፎ ወይም የሚደልብ ከብት በብድር ይሰጠዋል። ምርጫው ብዙ ጊዜ የገበሬው አልነበረም፤ በጉ ሲሞት ዕዳው ይቀራል። ብድሩ ከሴፍቲኔቱ ጋር ሲጣመር እንደሚጠቅም ጥናቶች ቢያሳዩም ዕዳውና የአሰጣጡ ግትርነት አብሮ ተዘገበ። በ2002 ዓ.ም. ሦስተኛው ምዕራፍ ሲጀመር የቤተሰብ ሀብት ግንባታ የሚባል ሌላ አሠራር ተተካ፤ ምክሩ ከግብርና ባለሙያ፣ ብድሩ ደግሞ ከማይክሮፋይናንስ ተቋማትና ከገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት እንዲሆን፣ ገበሬውም የሥራ ዕቅዱን ራሱ እንዲያመጣ ተባለ። ከአምስት ዓመት ክፍያ በኋላ የተደረገው ንጽጽር የምስራች ይዞ መጣ፦ አምስት ዓመት የተከፈላቸው ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የረሃባቸው ጊዜ ከአንድ ወር በላይ አጥሯል፤ የከብት ሀብታቸውም ጨምሯል። ነሐሴን አስጽፋ ለነበረች እናት አንድ ወር ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የሕፃናቱ ጉዳይ ነው።

ቤተሰቡ የሚበላው ካገኘ ሕፃኑም ያድጋል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። የኢፍፕሪ ተመራማሪዎች፣ ጉሽ በርሃኔና ባልደረቦቹ፣ በ2000፣ በ2002 እና በ2004 ዓ.ም. የሕፃናትን ቁመትና ክብደት ለክተው ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን አገኙ። ሴፍቲኔት የረሃቡን ወራት ቢያሳጥርም የሕፃናቱን መቀንጨርም ሆነ መክሳት አልቀነሰም። አሁንም ጥናቱ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን አልዘለለውም። የሕፃናቱ ምግብ ጥራቱ ዝቅተኛ ነበር፤ ጥራጥሬ፣ ቅባት፣ አትክልት፣ ወተትና እንቁላል ከነበረው አልጨመረም። አብዛኞቹ እናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አልተገናኙም፤ ስለ ሕፃናት አመጋገብም የነገራቸው የለም። የመጠጥ ውኃ የሚያፈሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ይህ ግኝት የመጣው አራተኛው ምዕራፍ በሚነደፍበት ሰሞን ነበር። ፕሮግራሙ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፈለ በመሆኑ በየጥቂት ዓመቱ ሰነዱ እንደገና ይጻፋል፣ በጀቱ እንደገና ይደለደላል። በዓመት ሁለት ጊዜም መንግሥትና ለጋሾች ተቀምጠው አፈጻጸሙን በጋራ ይፈትሻሉ። ሰነዱ ታትሞ ካበቃ በኋላ የሚደርስ ግኝት እስከሚቀጥለው ምዕራፍ ይጠብቃል፤ ይኼኛው ብዕሩ ገና ሳይነሳ ደረሰ። ግኝቶቹ ከሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ ጋር ሆነው ፕሮግራሙን ለመከለስ ግብዓት እንደሆኑ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

በወረቀት ላይ የተደረገው ክለሳ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ የሥራ ቦታ ማየት ይበቃል። ጥር ነው፤ አዝመራው ተሰብስቧል። የልማት ሠራተኛው ገመድ ወጥሮ በውኃ ልክ የእርከኑን መስመር ያወጣል። ወንዶቹ በዶማ ይቆፍራሉ፤ ድንጋይ በባሬላ ይጋዛል፤ የቡድን መሪው በስም መቆጣጠሪያው ላይ የመጣውን ያመለክታል። ቀደም ባለው ጊዜ እርግዝናዋ እስኪገፋ ድረስ ነፍሰ ጡሯም ከዚህ መካከል ትገኝ ነበር። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አራተኛ ምዕራፍ ግን እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ከተረጋገጠበት ጊዜ አንስቶ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከድንጋይ ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር ተደረገ፤ ክፍያዋ ግን አልተቋረጠም። በምላሹ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግ፣ ልጇን እንድታስከትብ፣ ስለ አመጋገብ በሚሰጥ ትምህርት ላይ እንድትገኝ ተባለ። ለሌሎቹም እንዲህ ያለ ትምህርት ላይ መገኘት እንደ ሥራ ቀን ተቆጠረ። በራሽኑ ስሌት ደግሞ በ15 ኪሎው እህል ላይ 4 ኪሎ ጥራጥሬ ተጨመረ። በቁመት መለኪያ ሰሌዳ ላይ የተነበበ ቁጥር በእናት ከረጢት ውስጥ ባቄላ ወይም አተር ሲሆን ማየት የዚህ ሥራ ሁሉ ፍሬ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለ ነበር። ከመጀመሪያው ጥናት ጀምሮ በየዙሩ የተመለሰ አንድ ግኝት ግን ብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም፦ ክፍያ ይዘገያል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አልካደውም። ታዲያ ለምን አልተስተካከለም? የነፍሰ ጡሯን ሁኔታ ለመቀየር የፕሮግራሙን መመሪያ መቀየር ትልቁ እርምጃ ነው። ክፍያን ለማፋጠን ግን መመሪያ አይበቃም። የስም መቆጣጠሪያው ከቀበሌ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት፤ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ያልፋል፤ ከፋዩ ጥበቃና መኪና አግኝቶ ወደ ቀበሌው መውጣት ይኖርበታል። አንዱ ወረዳ ሪፖርቱን ካዘገየ ገንዘቡም ከላይ ይዘገያል። የሒሳብ ሠራተኛው ሌላ ደመወዝ ፍለጋ ሲለቅ ወንበሩ ለወራት ባዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ወረዳዎች ይደገማል። ግኝቱ የጠፋው ባለቤት አጥቶ ሳይሆን ባለቤት በዝቶበት ነው። በአንዳንድ ወረዳዎች ክፍያ በሞባይልና በወኪሎች በኩል እንዲሆን መደረጉ መንገዱን ያሳጠረው በከፊል ነው። የሚበላው ያለቀበት ቤተሰብ የመጋቢትን ክፍያ በሐምሌ ሲቀበል የተሰጠው ብር ያው ቢሆንም እርዳታው ያው አይደለም፤ በመካከሉ ፍየሏ ተሸጣለች።

የግኝቶች ዕጣ እንዲህ መለያየቱ አዲስ ነገር አይደለም። በሃርቫርድ ያስተማሩት የግምገማ ተመራማሪ ካሮል ዋይስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ጥናትና ውሳኔ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ብቻ በቀጥታ እንደሆነ አስተውለው ነበር፤ በአብዛኛው እውቀት ቀስ እያለ ሰዎች ችግሩን የሚያዩበትን መንገድ ይለውጣል እንጂ አንድ ሪፖርት አንድ ውሳኔ አይወልድም። ግምገማም ከፖለቲካ ውጪ የሚቆም ነገር እንዳልሆነ ጽፈዋል። የሜክሲኮ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የገንዘብ ምክትል ሚኒስትሩ ሳንቲያጎ ሌቪ «ፕሮግሬሳ» የተባለውን፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለሚልኩ ድሃ እናቶች ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሲያስጀምሩ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ በሜክሲኮ እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት ሲወርድ የድህነት ፕሮግራሙም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የውጭ አጥኚዎችን አስጠሩ። ከ506 መንደሮች 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው ገቡ፤ 186ቱ ቆይተው እንዲገቡ ተደረገ። ጥናቱን ያካሄደው ያው ኢፍፕሪ ነው፤ በኋላ ኢትዮጵያ የመጡት ጆን ሆዲኖትም እዚያ ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሜክሲኮ ምርጫ ከ71 ዓመት በኋላ ገዢው ፓርቲ ወደቀ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ፎክስ የቀድሞውን ሥራ የመሰረዝ ምክንያትም ሥልጣንም ነበራቸው። የልጆች፣ በተለይም የሴት ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተሳትፎ መጨመሩን የሚያሳየው ማስረጃ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፕሮግራሙን ስሙን ቀይረው ወደ ከተሞች አስፋፉት። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ማኅበራዊ ፕሮግራሞችን የሚገመግም «ኮኔቫል» የተባለ ብሔራዊ ምክር ቤትም አቋቋመች። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰረዘ፤ ኮኔቫልም እ.ኤ.አ. በ2025 ፈርሶ ሥራው ወደ ስታቲስቲክስ ተቋሙ ተዛወረ። ማስረጃ ፕሮግራሙን ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ተሸከመው፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለም።

የኢትዮጵያው ሴፍቲኔት በ2013 ዓ.ም. ወደ አምስተኛው ምዕራፍ ሲገባ የድርቅ ጊዜ እርዳታን ከመደበኛው ጋር በአንድ ማዕቀፍ ለማስተሳሰር አቅዶ ነበር። በዚያው ዓመት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ተነሳ፤ ጥይት በሚተኮስበት ቦታ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር አይቻልም። ከዋነኞቹ ለጋሾች አንዱ የነበረው የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ጥናቶቹን ሲያስኬድ የኖረው አብዛኛው ገንዘብ የውጭ በመሆኑ፣ ለጋሾች ሲሳሱ ከእህሉ ቀድሞ የሚቀረው መለኪያው ነው። ይህ እንዳይሆን አሁን ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ኤጀንሲ፣ በበርካታ ዙሮች የሠለጠኑ ጠያቂዎችና ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በተከማቸ የቤተሰብ መረጃ ላይ የተገነባ ልምድ አለው። የሚያስፈልገው በፌዴራል በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ያለው ጥናትና ቀጣዩ የፕሮግራም ሰነድ ከመጻፉ በፊት የሚያልቅ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱም ከአሁኑ የታወቀ ነው፦ የአራተኛው ምዕራፍ ለውጥ፣ ያ 4 ኪሎ ጥራጥሬና የድንጋይ ሥራ የቀረላት እናት፣ የሕፃናቱን ቁመት ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?